ሞተር ሳይክልዎ ረጅም መንገድ ላይ እንዳይጮህ፦ ስፕሮኬት መቀየር

ከከተማ ወጥተው የተዘረጋው አስፋልት ላይ ደርሰዋል። አምስተኛ ማርሽ ገብቷል፤ ፍጥነት ቆጣሪው 80 ላይ ነው፤ ሞተሩ ግን ገና አንድ ማርሽ እንደቀረው ይጮኻል። ግራ እግርዎ ሳያስቡት ስድስተኛ ፍለጋ ማርሹን ይነካካል፤ የለም። ጥቂት እንደሄዱ መዳፍዎ መደንዘዝ ይጀምራል። በ125 ወይም በ150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሞተሩ አልታመመም። ፋብሪካው ማርሹን ያሰናዳው ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ ዳገት ላይ ከቆመበት ለሚነሳ ደንበኛ ስለሆነ ነው።

ይህን ለማለዘብ ካምቢዮ መክፈት አያስፈልግም። ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን የፊትና የኋላ ስፕሮኬቶች ጥርስ ቁጥር በጥቂቱ መለወጥ ይበቃል። መሣሪያው ካለዎት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ነገር ግን ስፕሮኬት ጉልበት አይጨምርም። በሜዳው መንገድ ላይ የሚያገኙትን ዕረፍት የሚከፍሉት በዳገቱና በመነሻው ነው። ሒሳቡ ለአንዱ ያዋጣል፣ ለሌላው ኪሳራ ነው። ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብዙ መፍቻ ሳይጠይቁ የሚሠሩ ቢሆኑም ከቀሩት ሁሉ ይበልጣሉ፤ አይዝለሏቸው።

1. ጥፋቱ የስፕሮኬት መሆኑን ያረጋግጡ

ሞተር የሚያስጮኸው ነገር ብዙ ነው። የጎማዎን ነፋስ ጎማው ሳይሞቅ ይለኩ፤ የጎደለ ነፋስ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ ዳገት ያስወጣዋል። የኋላውን እግር ከመሬት ያንሱ፣ ማርሹን ነጻ ያድርጉና በእጅዎ ያሽከርክሩት። ሁለት ሦስት ዙር ሳይሄድ ቀጥ ካለ ፍሬኑ ይዟል፣ ሰንሰለቱ ከልክ በላይ ተወጥሯል ወይም ኩሽኔታው አልቋል። የአየር ማጣሪያውንም አውጥተው ይዩት፤ በጠጠር መንገድ የሚሄድ ሰው ማጣሪያ እሱ ከሚያስበው ቀድሞ ይደፈናል።

ከሁሉም በላይ ፍሪሲዮኑን ይፈትሹ። በመጨረሻው ማርሽ እየሄዱ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ሲከፍቱ የሞተሩ ዙር ቶሎ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። እንዲህ ባለ ሞተር ሳይክል ላይ ስፕሮኬት መቀየር የቀረውን ሸራ መጨረስ ነው። መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ ይታደስ።

ንዝረቱ የሚመጣው በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ብቻ ከሆነና ከዚያ በላይም በታችም ከጠፋ፣ ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች ላልተው ሊሆን ይችላል። እነሱን ማጥበቅ ምንም አያስወጣዎትም።

2. ይቁጠሩና ያስሉ

ብዙ ስፕሮኬት ላይ የጥርሱ ቁጥር ተቀርጾበታል። ካልተጻፈ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርገው ከዚያ ተነስተው ይቁጠሩ። የኋላውን ሳይፈቱ መቁጠር ይቻላል፤ ለፊቱ ግን በሞተሩ ጎን ያለውን ክዳን ማንሳት ያስፈልጋል። ከሰው አፍ የሰሙትን ቁጥር አይመኑ። አንድ ዓይነት ሞዴል ለተለያዩ አገሮች ሲሸጥ ስፕሮኬቱ ሊለያይ ይችላል፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ቀይሮትም ይሆናል።

የኋላውን ቁጥር ለፊቱ ያካፍሉ። ፊት 14፣ ኋላ 45 ቢሆን ውጤቱ 3.21 ነው። የኋላው እግር አንድ ጊዜ እንዲዞር የፊቱ ስፕሮኬት 3.21 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ቀስ ብሎ ይዞራል። ቁጥሩን ለመቀነስ ሁለት መንገድ አለ፤ የፊቱን ማሳደግ ወይም የኋላውን ማሳነስ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታል። «ኋላ ትልቅ ከሆነ ይሮጣል» የሚለው ወሬ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኋላ ትልቅ ሲሆን ሞተር ሳይክሉ ዳገት ይወጣል፣ ሜዳ ላይ ግን ይጮኻል።

አሁን በዚሁ ምሳሌ ላይ ፊቱን 15 ያድርጉት። 45 ለ15 ሲካፈል ልክ 3.00 ይሆናል፤ ከቀድሞው 6.7 በመቶ ቀነሰ። ቀድሞ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ በደቂቃ 7,000 ዙር የነበረው ሞተር አሁን 6,530 ገደማ ይዞራል። ፊቱን በ14 ትተው ኋላውን 42 ቢያደርጉትም ያው 3.00 ነው። በዚህ ሞተር ሳይክል ላይ እንግዲህ አንድ የፊት ጥርስ የሦስት የኋላ ጥርስ ያህል ይመዝናል። የኋላው 43 ቢሆን ለውጡ 4.4 በመቶ፣ 44 ቢሆን 2.2 በመቶ ብቻ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ነክተው ፊት 15 ኋላ 43 ካደረጉ 10.8 በመቶ ይደርሳሉ፤ ፊቱን 16 ካደረጉ ደግሞ 12.5 በመቶ።

ስድስትና ሰባት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በብዙ ባለ አምስት ማርሽ ሞተር ሳይክሎች በአራተኛና በአምስተኛ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። አንድ የፊት ጥርስ ስለዚህ ግማሽ ማርሽ ሊያህል ትንሽ የቀረው ለውጥ ነው፤ ያውም ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያሉትን ሁሉንም ማርሾች እኩል ይነካል። በትልልቆቹም ልኩ ተመሳሳይ ነው። ካዋሳኪ ኬ ኤል አር 650 ከፋብሪካ ሲወጣ ፊት 15፣ ኋላ 43 ጥርስ ነው፤ አስፋልት የሚያበዙ ባለቤቶቹ ፊቱን 16 ያደርጉታል፣ ለውጡም 6.25 በመቶ ነው። የ650 ሲሲ ሞተር ያላቸው ሰዎች በአንድ ጥርስ ከረኩ፣ በ125 ሲሲ ሁለት ጥርስ መጨመር ድፍረት ነው። ከ250 ሲሲ በታች ላለ ሁሉ የምመክረው አንድ የፊት ጥርስ ወይም ያንን የሚያህል ከኋላ መቀነስ ነው፤ ከዚያ አይለፉ።

3. ሞተሩን ይጠይቁት

ዋናው ፈተና ይህ ነው። በአስፋልት ፍጥነት ላይ ሞተሩን በብዛት የሚታገለው አየር ነው። አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ እጅግ ቀድሞ ይጨምራል፤ ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ለማለፍ ፍጥነቱ በሩብ ብቻ ሲያድግ ለአየሩ የሚከፈለው ጉልበት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ትንሽ ሞተር በ90 ሲሄድ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ዙሩን ሲቀንሱበት የቀረችውንም ጉልበት ይቀንሱበታል፤ አምስተኛ ማርሽ ለቁልቁለት ብቻ የሚያገለግል ጌጥ ይሆናል።

ስለዚህ ሞተሩ የተረፈ ጉልበት እንዳለው ይለኩ። የነዳጅ መስጫ እጀታው ላይና አጠገቡ ባለው የማይዞር ክፍል ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው ዝግ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ የሚሆንበትን ቦታ በእስክርቢቶ ያመልክቱ። ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ሜዳ መንገድ ላይ፣ ዘወትር የሚጭኑትን ጭነት ጭነው ይውጡ። ሰው የሚያፈናጥጡ ከሆነ ያ ሰው አብሮ ይሂድ፤ ባዶውን የተፈተነ ሞተር ሳይክል ይዋሻል። በመጨረሻው ማርሽ ሊጓዙበት የሚፈልጉትን ፍጥነት ይያዙና እጀታው የት እንዳለ ይመልከቱ።

ግማሽ አካባቢ ከሆነ ተስፋ አለ። ከሦስት አራተኛ ካለፈ ገንዘብዎን አያውጡ። ቀጥሎ እዚያው ፍጥነት ላይ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፤ ሞተር ሳይክሉ ሳያመነታ ሌላ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከጨመረ የተረፈ ጉልበት አለው ማለት ነው። መጨረሻ ላይ በአራተኛና በአምስተኛ የሚደርሱበትን ከፍተኛ ፍጥነት ያስተያዩ። በአምስተኛ ከአራተኛው የተሻለ ካልሮጠ ስፕሮኬትዎ ዛሬውኑ ለሞተሩ ከብዶታል፤ የሚያስፈልግዎ የዚህ ጽሑፍ ተቃራኒ ነው።

ስለ ከፍታ ደግሞ እንነጋገር፤ እኛ አገር ነገሩን የሚወስነው እሱ ነውና። በ2,400 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚኖር ሰው «እኔ በ150 ሲሲዬ ሁለት ጥርስ ጨምሬ አማረልኝ» ቢልዎት አልዋሸም፤ እሱ ግን የሚነዳው ከእርስዎ የበረታ ሞተር ነው። በአገር ውስጥም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከሞጆ በዝዋይ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው የስምጥ ሸለቆ መንገድ ዝቅ ያለና ሜዳ የሚበዛው ነው፤ ለእሱ አንድ ጥርስ መጨመር ያምራል። በደብረ ብርሃን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር የሚወጣ ሰው ግን በዚያው ሞተር፣ በዚያው ስፕሮኬት አምስተኛ ማርሽን ሊረሳው ይችላል። ሞተር ሳይክሉን ሲያስቡ የሚመላለሱበትን መንገድም አብረው ያስቡ።

ሥራዎ በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ከሆነና ክፍለ ሀገር የሚወጡት አልፎ አልፎ ከሆነ ይተዉት። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ አንደኛ ማርሽ ሲፈጥን ፍሪሲዮን ይዞ መንፏቀቅ ይበዛል፤ የሚያልቀውም ፍሪሲዮኑ ነው።

4. ከፊት ወይስ ከኋላ?

እኔ ሁልጊዜ ከፊቱ ይጀምሩ እላለሁ። ዋጋው ከኋላው ያነሰ ነው፤ እግር ማውለቅ አይጠይቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያው ሰንሰለት ይበቃል። ከዚያም በላይ ሰንሰለት በሰፊ ክብ ላይ ሲዞር የሚታጠፍበት ማዕዘን ስለሚያንስ ዕድሜው ይረዝማል።

የፊቱ እንቅፋት ቦታ ነው። አንድ ጥርስ ሲጨመር የስፕሮኬቱ ጠርዝ በየአቅጣጫው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ 520 ቁጥር ሰንሰለት ባላቸው ደግሞ 2.5። ክዳኑን አንስተው ሰንሰለቱ ከሞተሩ ግድግዳ፣ ከክዳኑ የውስጥ ጎን፣ ካለም ከፍሪሲዮኑ መግፊያ ዘንግ፣ ከማርሽ መብራት ሽቦና የኋላው ክንድ ላይ ካለው የላስቲክ መከላከያ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩ። ዛሬ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ካለ አንድ ጥርስ ይገባል። ከዚያ የጠበበ ከሆነ የኋላውን ይቀንሱ። ክዳኑን በሞላ ፍቆ ማስገባት የሚሉትን አይስሙ፤ ሰንሰለቱ ሲዘል ማረፊያው የሞተሩ አካል ነው።

የኋላውን መቀነስ የሚመረጠው ልኩን ማመጣጠን ሲፈልጉ ነው፤ ለምሳሌ 6.7 በመቶ ሲበዛብዎትና 4.4 ሲበቃዎ።

5. ሲገዙ

የሰንሰለትዎን ቁጥር ከጎኑ ላይ ያንብቡ፤ 420፣ 428፣ 520፣ 525 ወይም 530 ይላል። ስፕሮኬቱ ይህንኑ ቁጥር መያዝ አለበት። የተለመደው ወጥመድ በ420 እና በ428 መካከል ነው። የሁለቱም የፒን ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን ሲታይ የገጠመ ይመስላል፤ ወርዳቸው ግን የተለያየ ነው። የ428 ስፕሮኬት በ420 ሰንሰለት ውስጥ አይገባም፤ የ420 ስፕሮኬት በ428 ሰንሰለት ውስጥ ይገባና ወዲያ ወዲህ እየዋለለ ሁለቱንም ይበላል።

የፊቱን ለመግዛት አሮጌውን ፈትተው ይዘው መሄድ ይሻላል። ሞተር ሳይክሉ ከቆመ መሄጃ የለኝም ካሉ በሁለቱም በኩል በስልክዎ ፎቶ አንስተው፣ የመሐሉን ቀዳዳ ስፋትና የውስጥ ጥርሶቹን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። አንዳንዱ የፊት ስፕሮኬት ባንድ ጎኑ ወፈር ያለ አንገት አለው፤ አንገቱ ከሌለ ወይም ካነሰ ሰንሰለቱ ከኋላው ጋር መስመር አይገጥምም። ለኋላው ደግሞ የመሐል ቀዳዳው ስፋት፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ቁጥርና እርስ በርስ ያላቸው ርቀት ይለካል። ለሥራ የሚሆነው ብረት ነው። አሉሚኒየሙ ለውድድር ይቀላል እንጂ በአቧራ መንገድ ቶሎ ያልቃል። ጥርሱን በጣትዎ ይዳስሱት፤ ጠርዙ ሻካራ ወይም ጥርሶቹ እኩል ያልሆኑበትን ይመልሱ።

ከዚያ ሰንሰለቱን ይፈትሹ፤ አዲስ ስፕሮኬት በተለጠጠ ሰንሰለት ላይ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ሰንሰለቱን ወጠር አድርገው ከአንድ ፒን መሐል ጀምረው እስከ 21ኛው ፒን መሐል ይለኩ። 428 አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ነው፤ 259 ከደረሰ ይጣል። 520 አዲስ ሲሆን 317.5 ነው፤ 323 ላይ ዕድሜው አብቅቷል። የኋላው ስፕሮኬት ጥርሶችም ወደ አንድ ጎን ተቆልምመው ከሆነ ሦስቱንም አብረው ይቀይሩ።

6. መሣሪያና ቦታ

ደልዳላ መሬትና ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም መቆሚያ ያስፈልግዎታል። ከዚያ ለክዳኑና ለፊቱ ስፕሮኬት 8፣ 10 እና 12 ቁጥር መፍቻ፣ ለኋላው ፐርኖ በልኩ የሆነ ረጅም ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብረት ብሩሽ፣ ላምባና ጨርቅ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ግራሶ፣ የቡሎን ማጣበቂያ። የማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ከጋራዥ መዋስ ከቻሉ ይዋሱ። ቤንዚን ለማጽጃ አይጠቀሙ፤ የእሳት ነገር አለበት፣ ኦ ሪንግ ያለውን ሰንሰለት ላስቲክም ያበላሻል። አንድ ረዳት ሰውም ይኑር፤ ፍሬን የሚረግጥ።

7. መፍታት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ቁልፉ ተነቅሎ ኪስዎ ይግባ። ሞተር አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ እየዞረ ያለ ሰንሰለት በጨርቅ የሚጠርግ ሰው አይተው ይሆናል። ጣት የሚቆረጠው እንዲህ ነው። እግሩን ሁልጊዜ በእጅ ያዙሩ።

የማርሽ መርገጫው ዘንጉ ላይ የተቀመጠበትን ቦታ በነጥብ ያመልክቱና ያውጡት፤ ካለዚያ ሲመልሱት ከፍ ወይም ዝቅ ይልብዎታል። የክዳኑ ቡሎኖች ርዝመታቸው ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ስለው እያንዳንዱን በየቦታው ይሰኩ። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ማጥበቅ የሞተሩን አካል ይሰነጥቃል። ክዳኑ ሲነሳ የተጋገረ ዘይትና አቧራ ያገኛሉ፤ ላምባና ብሩሽ ይዘው ሁሉንም ያጽዱ። ንጹሕ ከሆነ በኋላ ከዘንጉ ዙሪያ ትኩስ ዘይት የሚያወጣ ከሆነ ፓራኦሊዮው አልቋል፤ ለመቀየር ከዛሬ የተሻለ ቀን የለም።

አሁን ሰንሰለቱ እንዳለ የፊቱን ስፕሮኬት ማሰሪያ ያላሉ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ሰንሰለቱ ከወረደ በኋላ ስፕሮኬቱን የሚይዝልዎ ነገር የለም። ማርሽ ያስገቡ፣ ረዳትዎ የኋላ ፍሬን ይርገጥ፣ እርስዎ ይፍቱ። እንጨት ወይም ካቻቢቴ ራጂ መሐል ሰክተው አያስቁሙት፤ ራጂው ይጎብጣል። ትንንሾቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ማሰሪያው ሁለት ትንንሽ ቡሎን ያላት ጠፍጣፋ ብረት ናት፤ ቡሎኖቹ ሲወጡ ትንሽ ዞር ተደርጋ በዘንጉ ጥርሶች መሐል ትወጣለች። ትልልቆቹ ላይ አንድ ትልቅ ዳዶና ጠርዟ የታጠፈ ሮንዴላ አለ፤ መጀመሪያ የሮንዴላዋን ጠርዝ ያቃኑ።

ቀጥሎ የኋላውን ፐርኖ ያላሉ፤ የሰንሰለት መወጠሪያዎቹን በሁለቱም በኩል እኩል ይፍቱ፤ እግሩን ወደ ፊት ይግፉ። የኋላው ፍሬን በዘንግ የሚሳብ የከበሮ ፍሬን ከሆነ የዘንጉን ዳዶም ያላሉ። ሰንሰለቱን ከኋላው ስፕሮኬት ላይ አንስተው ያውርዱ። ከዚያ የፊቱ ስፕሮኬት ከሰንሰለቱ ጋር አብሮ ይወጣል።

8. መግጠም

የዘንጉን ጥርሶች ይጥረጉና ስስ ግራሶ ይቀቡ። አዲሱን ስፕሮኬት መጀመሪያ ሰንሰለቱ ውስጥ አስገብተው ከዚያ ዘንጉ ላይ ይሰኩት። አንገቱ አሮጌው ወደነበረበት ጎን ይዙር። ማሰሪያዋን ይመልሱ፤ ትንንሾቹን ቡሎኖች የቡሎን ማጣበቂያ ነክረው በ10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ያጥብቁ። በጉልበት አይጠምዝዟቸው፤ ክራቸው ቢበላ ጥገናው ከስፕሮኬቱ ዋጋ ይበልጣል። ዳዶ ላለው አዲስ ሮንዴላ ይግዙና በመመሪያው መጽሐፍ ልክ አጥብቀው ጠርዟን ማጠፍ አይርሱ።

ሰንሰለቱን በቅንጥብ ማያያዣው ከፍተው ከነበረ፣ የቅንጥቡ ድፍን ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፤ ክፍቱ ወደ ኋላ። የተገለበጠ ቅንጥብ በጠጠር ተመትቶ ይወልቃል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የወጣ ሰንሰለት ደግሞ የኋላውን እግር ሊቆልፍ ይችላል።

ክዳኑን ከመመለስዎ በፊት እግሩን ብዙ ዙር በእጅ አሽከርክረው ያዳምጡ። ክዳኑን ከመለሱ በኋላም ይድገሙት፤ መፋጨት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው።

9. ውጥረት፣ መስመርና ፍሬን

በ428 ሰንሰለት ላይ የፊቱን አንድ ጥርስ ከጨመሩ ፐርኖው ወደ ፊት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል፤ በ520 ላይ 4። የኋላውን በሦስት ጥርስ ከቀነሱ ግን ወደ ኋላ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ መወጠሪያው ጫፍ ላይ ከደረሰ ሰንሰለቱን ማሳጠር ግድ ይሆናል። ያጠረ አዲስ ሰንሰለት ያለው ሰው ደግሞ የፊቱን ሲያሳድግ ወደ ፊት የሚሄድበት ቦታ ሊያጣ ይችላል። ይህን ከመግዛትዎ በፊት መወጠሪያው ላይ ያለውን ቦታ አይተው ይወቁት።

ልቅነቱን በታችኛው የሰንሰለት መስመር መሐል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ይለኩ። ትክክለኛው ልክ በኋላው ክንድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመመሪያው መጽሐፍ አለ። ለብዙ ትንንሽ የአስፋልት ሞተር ሳይክሎች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለጠጠር የተሠሩት ከፍ ያሉት ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ሰንሰለት በሁሉም ቦታ እኩል አይለጠጥም፤ እግሩን እያዞሩ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልገው እዚያ ይለኩ። ከላላ ሰንሰለት ይልቅ የጠበቀውን ይፍሩ። ሰው ሲቀመጥበትና ጉድጓድ ሲመታ ይበልጥ ይወጠራል፤ የሚጎዳውም የካምቢዮው ዘንግ ኩሽኔታ ነው።

ክንዱ ላይ ያሉትን ጭረቶች ሙሉ በሙሉ አይመኑ። ከክንዱ የፊት ማጠፊያ እስከ ፐርኖው መሐል ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም በሲባጎ ለክተው ያስተያዩ። ከዚያ ከኋላ ጎንበስ ብለው በሰንሰለቱ ላይ አሻግረው ይመልከቱ፤ ቀጥ ብሎ መታየት አለበት። ፐርኖውን አጥብቀው ልቅነቱን እንደገና ይለኩ፤ ሲጠብቅ ይለወጣልና። ኮፒሊያ ካለው አዲስ ያስገቡ።

የሚረሳው ነገር ፍሬን ነው። እግሩ ወደ ፊት ሲመጣ የከበሮው ፍሬን ዘንግ ይላላና ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል። ፔዳሉ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነጻ ጉዞ እንዲኖረው አድርገው ያስተካክሉ፤ የፍሬን መብራቱም በሰዓቱ መብራቱን ይዩ።

10. የመጀመሪያው ጉዞ

ለመሞከር ረጅም መንገድ አይውጡ። ሰፈርዎ ውስጥ ካለው ዳገት ላይ ቆመው ይነሱ፤ ፍሪሲዮኑን ከቀድሞው ረዘም አድርጎ መያዝ ካስፈለገዎ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ሸራው እስኪሸት መያዝ ካስፈለገዎ ግን ልኩ አልፏል። አስፋልት ላይ ሲወጡ ማርሽ የሚጨምሩት ከቀድሞው ትንሽ ዘግይተው ይሁን። በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ ሞልቶ ማስጨነቅ ሞተሩን ያሞቀዋል፤ የማንኳኳት ድምፅ ከሰሙ ወይም ሞተር ሳይክሉ ከእግርዎ ሥር ቢንቀጠቀጥ ወደ አራተኛ ይመለሱ። አራተኛ ማርሽ አሁን ከቀድሞው የተሻለ ይሮጣል፤ ቀላል ዳገት ላይ እሱን መጠቀም ሽንፈት አይደለም። ነዳጅ ይቆጥብልኛል ብለው ከሆነም ጥቂት ሊቆጥብ ይችላል፤ ግን ሞተሩ የተረፈ ጉልበት ካለው ብቻ ነው።

ቁልቁለት ላይ ይጠንቀቁ። ሞተሩ በማርሽ የሚይዝበት አቅም በለወጡት ልክ ቀንሷል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ቀድሞ በሦስተኛ ይወርዱበት የነበረውን አሁን በሁለተኛ ለመውረድ ይዘጋጁ። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ይቀንሱ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ መውረድ የከበሮ ፍሬንን አሙቆ ያደክማል፤ የሚያስፈልግዎት ጊዜ ላይ አይኖርም።

ፍጥነት ቆጣሪዎ ከፊት እግር በገመድ የሚሠራ ከሆነ ምንም አይለወጥም። ከካምቢዮው የሚያነብ ከሆነ ግን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ በ14 እና በ15 ምሳሌያችን 75 ሲል እርስዎ 80 ላይ ነዎት። በስልክዎ ጂ ፒ ኤስ አንድ ጊዜ አመሳክረው ልዩነቱን ይያዙት፤ ቅጣት የሚጻፈው በእውነተኛው ፍጥነት ነው። የኪሎ ሜትር ቆጠራውም አብሮ ይጎድላል። ዘይት በየ3,000 ኪሎ ሜትር የሚቀይሩ ከሆነ ቆጣሪው ላይ 2,800 ሲሞላ ይቀይሩ።

ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ የሰንሰለቱን ልቅነትና የፊቱን ማሰሪያ ቡሎኖች እንደገና ይፈትሹ፤ አዲስ ሰንሰለት ከሆነ 500 ላይም ይድገሙት። አሮጌው ስፕሮኬት ካላለቀ አይጣሉት፤ በጨርቅ ጠቅልለው ከመፍቻው ጋር ኮርቻው ሥር ያኑሩት። ጭነት ይዘው ተራራ ወደሚበዛበት አገር ሊወጡ ሲሉ በዋዜማው መልሰው መግጠም ይችላሉ። ያኔ ፐርኖውን ያንኑ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይሳቡ፤ የፍሬኑንም ዘንግ በዚያው ልክ ያላሉ።